ታር ያስራል እንጂ አያሳንስም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ፒያሳ ካለች ትንሽ ቢሮ ነው የምጽፍላችሁ። በቀደም የ3 ዓመት ሰነድ በፍላሽ አምጣ ተባልኩ። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ትእዛዝ መጻፊያውን ጥቁር መስኮት ከፍቼ፣ ታር (tar) በሚባል ፋይል መጠቅለያ ፕሮግራም ጠቀለልኩት፤ መጠኑ ግን ንቅንቅ አላለም! ለካ ታር ድሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ለመረጃ ማስቀመጫ ቴፕ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ፋይሎቹን አንድ ላይ ያስራል እንጂ አይጨምቅም። የሚጨምቀው ጂዚፕ (gzip) የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው፣ እሱን ለመጥራት ደግሞ በታር ትእዛዝ ውስጥ ካለችው «ኤፍ» (f) ፊደል በፊት አንዲት «ዜድ» (z) ይበቃል። ጽሑፉ በጣም ቀነሰ፤ የጄፔግ ፎቶዎቹ ግን ድሮም የተጨመቁ ስለሆኑ ያው ናቸው። ከ«ኤፍ» ቀጥሎ የአዲሱን ጥቅል ስም ጻፉ፣ አደራ! እኔ የነባር ሰነድ ስም ጽፌ፣ ታር በላዩ ላይ ጽፎበት የጥር ሪፖርቴ ድራሹ ጠፋ። የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁስ ሁልጊዜ ስለ ስልክ ከሚያወራ አልፎ አልፎ እንዲህ ያለውን ቢያስተምረን ምናለ?

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ