«በእግር» ብላችሁ ሸጣችሁልን በአውቶቡስ አዞራችሁን፦ ስለ ፍጥሞ ደሴት ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ለአስጎብኚ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በእግር ይደረጋል ተብሎ የተሸጠልን የፍጥሞ ጉዞ በውሉ መሠረት ስላልተፈጸመ ከፊል ገንዘብ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔና እናቴ የምንኖረው ጀርመን ነው። በቅርቡ ወደ ግሪክ ባዘጋጃችሁት መንፈሳዊ ጉዞ ተካፍለናል። ይህን ጉዞ ከሌሎቹ የመረጥነው በማስታወቂያችሁ የተነሳ ነው። ዮሐንስ ራእዩን ያየባትን ደሴት በእግራችን እየሄድን እንደምንሳለም ይናገራል። ክፍያ ስንጨርስ በላካችሁልን ፕሮግራም ላይ የእግር መንገዶቹ በስም ተጽፈዋል። አንደኛው ከስካላ ወደብ ተነስቶ በራእዩ ዋሻ በኩል የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ያለባት ሆራ ከተማ ይደርሳል። ሌላው ወደ ካስቴሊ ኮረብታ ነው። የመጨረሻው ከዲያኮፍቲ ወደ ፕሲሊ አሞስ የባሕር ዳርቻ ይወስዳል። ከእናንተ ጋር አንዱንም አልሄድንም።

ከአቴና ወደብ ከፒሬየስ የተነሳው መርከብ ስለመዘግየቱ አላማርርም። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፣ በመርከብ መግባት ግድ ነው። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ መርከብ ይዘገያል። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከመርከቡ ከወረድን በኋላ ነው።

ጠዋት ስካላ ላይ ተሰብስበን፣ የእግር መንገድ ጫማችንን አድርገን ስንጠብቅ አውቶቡስ መጣ። አስጎብኚያችሁ «ዳገቱ ለእናቶች ስለሚከብድ ሁላችንም በመኪና ነው የምንወጣው» አለን። ከእናቶቹ አንዷንም አልጠየቀም። እናቴ «ልጄ፣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» ስትለው፣ «እማማ፣ እርስዎ አይችሉትም፤ ሰው ያስጠብቃሉ» ብሎ በሰው ፊት መለሰላት። እናቴ ግሸን ማርያምን በእግሯ ወጥታ የተሳለመች ሴት ናት። ለዚህ ጉዞ ብላ ወራት ሙሉ በየማለዳው ስትራመድ ነበር። አንገቷን ደፍታ አውቶቡሱ ውስጥ ስትገባ በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለ ዋሻው በዝርዝር መናገር አለብኝ፤ የመጣነው ለእሱ ነውና። ስንደርስ ከእኛ በፊት የመጡ አውቶቡሶች በሩ ላይ ተደርድረዋል። ወደ ዋሻው የሚወረደው በደረጃ ነው፤ ውስጡ ጠባብ ነው። ዓለቱ ከላይ በሦስት የተሰነጠቀ ሲሆን ምእመናን የሥላሴ ምሳሌ አድርገው ያዩታል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ ዙሪያው በብር ተለብጧል። እናቴ ከቤት ይዛ የመጣችው አንድ ሐሳብ ነበር። የዮሐንስ ራእይን ምዕራፍ 1 እዚያው ቁጭ ብላ ማንበብ። መጽሐፏን አውጥታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ዮሐንስ በፍጥሞ እንደነበረ የሚናገረው ቁጥር 9 ላይ ስትደርስ አስጎብኚው ከደረጃው ላይ ሆኖ «በሉ፣ በሉ፣ ጊዜ የለንም» እያለ አስወጣን። ከዚያ ወዴት ነው የወሰደን? ሥዕልና መቁጠሪያ ወደሚሸጥበት ሱቅ። ዋሻው ውስጥ ከቆየነው ይልቅ ሱቁ ውስጥ ቆየን። ለምን እንደሆነ ማንም አላስረዳንም።

ሱቁ የገዳሙን ሰዓት በላው። የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በአብዛኛው ጠዋት ተከፍቶ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ይዘጋል። ሥራችሁ ይኸው ስለሆነ ይህን ታውቃላችሁ። ሆራ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ1088 ክሪስቶዱሎስ የተባለው መነኩሴ ከንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ቀዳማዊ ደሴቲቱን ተቀብሎ የመሠረተውን ገዳም እኛ ግንቡን ብቻ አይተን ተመለስን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ሆራንና ዋሻውን ጨምሮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ቦታ ነው። አንድ ተሳላሚ ገዳም ለምን እንደ ምሽግ እንደታጠረ ሲጠይቅ አስጎብኚው መልስ አልነበረውም። የባሕር ወንበዴዎችን ለመከላከል ነው ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ለማወቅ ደግሞ አስጎብኚ መሆን አያስፈልግም።

ካስቴሊ «ጊዜ የለም» ተብሎ ቀረ። ፕሲሊ አሞስ መኪና አይደርስም፤ ወይ በእግር ነው ወይ በጀልባ። አውቶቡስ ስለማይገባበት ከፕሮግራሙ ወጣና ምትኩ ግሪኮስ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር ረጅም ምሳ ሆነ።

በመጨረሻው ቀን ነፃ ሰዓት ስትሰጡን እኔና እናቴ የድሮውን መንገድ ለብቻችን ወጣነው። በድንጋይ የተነጠፈ ነው። ድንጋዩ ከብዙ ዘመን እርምጃ የተነሳ መሐሉ ለስልሷል። ግራና ቀኙ ጥድ አለ፤ ፀሐይ ሲመታው ይሸታል። ዘወር ባልን ቁጥር ወደቡ ከእግራችን ሥር እየራቀ ሄደ፣ ከዚያ በምሥራቅም በምዕራብም ባሕር ታየን። ደሴቲቱ ስካላ ላይ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነች ከመኪና ውስጥ አይታወቅም። እናቴ እያረፈች ነው የወጣችው። ሆኖም ወጣችው። ከወደቡ እስከ ዋሻው በእሷ እርምጃ እንኳ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው የፈጀብን። ዋሻው ግን በዚያ ሰዓት ተዘግቶ ነበር። በሩን ተሳልማ ቆመች። መጽሐፏ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ፍጥሞ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን ትንሽ ደሴት ናት። በአውቶቡስ ከሆነ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ታልቃለች። እኛም የቀረውን ጊዜ ሆቴል በረንዳ ላይ ነው ያሳለፍነው። የሚደክም ሰው መኖሩ ይገባኛል፣ አውቶቡስ መኖሩንም አልቃወምም። የደከመው በመኪና ይሂድ፣ የቻለው በእግሩ ይውጣ፣ ዋሻው በር ላይ እንገናኝ። ይህን ማድረግ ምን ይከብዳል?

ቅሬታዬን ዛሬ አይደለም የጀመርኩት። ችግሩ በተፈጠረበት ሰዓት ለአስጎብኚው ነግሬዋለሁ፣ ለቢሯችሁም በዋትስአፕ ጽፌያለሁ። የመጣልኝ መልስ «እናየዋለን» የሚል ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2015 የጥቅል ጉዞ መመሪያ በውሉ የተጠቀሰው አገልግሎት ሳይሰጥ ሲቀር ተጓዡ የዋጋ ቅናሽ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኃላፊነቱም የጉዞው አዘጋጅ ነው፤ በአስጎብኚው ወይም በአውቶቡስ ኩባንያው ማሳበብ አይቻልም።

ስለዚህ በፕሮግራሙ ላይ ተጽፈው ላልተፈጸሙት የእግር ጉዞዎችና ላልገባንበት ገዳም ተመጣጣኝ ገንዘብ ለሁለታችንም እንዲመለስልን እጠይቃለሁ። እናቴን ደግሞ በስሟ በተጻፈ ደብዳቤ ይቅርታ ጠይቋት። ለእኔ ይህ ከገንዘቡ ይበልጣል። ማስታወቂያውንም አስተካክሉ። በአውቶቡስ የምትወስዱ ከሆነ «በአውቶቡስ» ብላችሁ ጻፉ። ለሚቀጥለው ጉዞ የተመዘገቡ የማውቃቸው እናቶች አሉ፤ እነሱም በእግር የሚሄዱ መስሏቸው ነው የከፈሉት።

የከፈልንበትን ደረሰኝ፣ የላካችሁልንን ፕሮግራምና የዋትስአፕ መልእክቶቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ምላሻችሁን በ14 ቀን ውስጥ በተመዘገብኩበት ኢሜይል እጠብቃለሁ። ካልደረሰኝ ጉዳዩን ለሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ