ለትርሲት፣ ከደሴ

ትርሲትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ነው?

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ። አልደብቅሽም፣ አኩርፌሽ ነበር። ሆጤ ያለው የእናቴ ቤት ሲከፋፈል «እኩል በይ፣ ሌላ ቃል እንዳትቀበዪ» ብለሽኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ለሷም የሚገባትን እንሰጣታለን» አሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ። የሚገባኝ ተብላ የደረሰችኝ ከጓሮ ያለችው ማድቤት ናት። በስልክ ስትቆጪኝ እውነትሽ አመመኝና ዘጋሁብሽ።

ዛሬ ጦሳ ጉም ለብሷል፣ ብርዱ ከቤት አያስወጣም። የሰፈራችን እናቶች ስለ ሴቶች መብት ንገሪን ስላሉኝ፣ የተባበሩት መንግሥታት ቤጂንግ ላይ የጠራውን የሴቶች ጉባኤ ታሪክ ሳነብ ሰነበትኩ። የተከፈተው በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 1987 ነው። ያለቀው መስከረም 4 ነው፣ አዲስ ዓመት የገባው እነሱ እየተከራከሩ ነው። 189 መንግሥታት ነበሩበት። ዋና ጸሐፊዋ ታንዛኒያዊቷ ገርትሩድ ሞንጌላ ነበሩ።

እኔ የጉባኤ መግለጫ ሲባል መሪዎች ተጨባብጠው የሚለያዩበት ወረቀት ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዲት ቃል ሌሊት ታሳድራለች! ያልተስማሙበት ቃል በቅንፍ ይታሰራል። ቅንፉ የሚፈታው ሁሉም እሺ ሲል ነው። ስለዚህ አግባቢው፣ ማለት ቃል ለማስለወጥ የሚወተውተው ሰው፣ የመንግሥት ልዑኩን ኮሪደር ላይ ይይዘዋል፤ ይቺን አስገባልኝ፣ ያቺን አስወጣልኝ ይለዋል። ከየማኅበራቱ የመጡት ሴቶችም በሩ ሲዘጋባቸው ውጭ ቆመው የሚወጣውን ልዑክ ይጠብቃሉ።

ከተከራከሩባቸው ቃላት አንዱ ውርስ ላይ ነበር። ሴት ልጅ «እኩል» ትውረስ ወይስ «ፍትሐዊ» ድርሻ ታግኝ? ፍትሐዊ ለጆሮ ደስ ይላል። ግን የሚመዝነው ማነው? እኔ ላይ «የሚገባትን» የተባለው እኮ ቁርጥ ይኸው ነው! እዚያ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ አለቀስኩ።

መጨረሻ ላይ «እኩል» ጸደቀ። አንዳንድ አገሮች ከሃይማኖት ሕጋችን ጋር አይሄድም ብለው ተዐቅቦ፣ ማለት «ይቺን ክፍል አንቀበልም» የሚል ማስታወሻ፣ አስመዘገቡ። ሰነዱ ራሱ አስገዳጅ ሕግ አይደለም። የኛ ሕገ መንግሥት ግን ሕግ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ጉባኤው ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። አንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል እንደሚስተናገዱ ይናገራል። እኔ ማድቤቷን ስቀበል ይሄ ሁሉ ተጽፎ አልቋል፣ ትርሲት። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሐሙስ የአክስቴ ልጆች ሰኞ ገበያ ያለውን ቤት ሊካፈሉ ነው። ትንሿን ገና ካሁኑ «የሚገባሽን አታጪም» ብለዋታል። አብረሽኝ ግቢ ብላኛለች፣ እገባለሁ። አንዲቷን ቃል ብቻ ይዤ ነው የምቀመጠው።

ሐሙስ ማታ ደውዪልኝ፤ ስልኬ ያው ነው። ሽማግሌዎቹ ያሉትን ቃል በቃል እነግርሻለሁ።

ያንቺው አልማዝ