ገጠሩስ የት ገባ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አውሮፓ ኅብረት መስፋፋት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ነው። ግን ወሬው ሁሉ ስለ ብራስልስና ስለ መሪዎቹ ሆነብኝ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረውን ሊደር የተባለ የኅብረቱን የገጠር ልማት ፕሮግራም ብታነሱት ደስ ይለኝ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ገበሬው፣ ባለሱቁ፣ የአካባቢው ማኅበራትና አስተዳደሩ ተሰባስበው አንድ ቡድን ይመሠርታሉ። ከፕሮግራሙ የሚመጣው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ሲወስኑ የመንግሥት ድምፅ ከግማሽ አይበልጥም። ይቺ ነገር ለእኔ ትልቅ ናት። ቡድኑ ከፈለገ ደግሞ ድንበር ማዶ ካለ ቡድን ጋር አብሮ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ፖላንድን ጨምሮ 10 አገሮች ኅብረቱን ተቀላቀሉ። በኦደር ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ የጀርመንና የፖላንድ መንደሮች ችግራቸው አንድ ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ሽማግሌው ብቻውን ይቀራል። ታዲያ መፍትሔውን ለየብቻ የሚፈልጉት ለምንድን ነው?

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ በደረሰኝ ነው። ትንሽ የመንደር ማኅበር መጀመሪያ የሚያወጣውን ከየት ያመጣል? ቅድሚያ ክፍያው መስፋት አለበት።

አሁን ሰርቢያ፣ አልባኒያና ሰሜን መቄዶንያ ኅብረቱን ለመቀላቀል ተራ ይጠብቃሉ። ከኅብረቱም ኢፓርድ የተባለ የገጠር ድጋፍ ያገኛሉ። መንደሮቻቸው ከጎረቤት ጋር ለመተሳሰር የአባልነት ፊርማ እስኪደርቅ መጠበቅ የለባቸውም። እባካችሁ፣ ቀጣዩን ዘገባችሁን ከእነሱ ጀምሩት።

አክባሪ አንባቢያችሁ