እማዬን ላላከሟት ሐኪም፣ ላከሟትም ሁሉ

ሰሞኑን በቴሌግራምም በስልክም «እናትህ እንዴት ሆኑ?» ስትሉኝ ከርማችኋል። ለየብቻ መመለስ አቅቶኝ ነው ዝም ያልኩት፣ ይቅርታ። እማዬ ደህና ናት። እንቅርቷ ወጥቷል፣ ድምጿ አለ፣ ቤት ገብታለች፣ እኔን መቆጣትም ጀምራለች።

በቅድሚያ የማመሰግነው ግን አላክምም ያሏትን ሐኪም ነው።

እማዬ የጎጃም ሴት ናት። እንቅርቱ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። እሷ ባደገችበት አገር እንቅርት እንደ ሽበት ነው፣ አይቶ የሚደነግጥ የለም። ደጋው አፈሩም ውሃውም አዮዲን ያንሰዋል፤ ጨው አዮዲን እንዲገባበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፣ እሷ ያኔ የልጅ ልጅ አይታለች። አንገቷ ላይ የተደረደረው ንቅሳትም በልጅነቷ እንቅርት እንዳይወጣባት ተብሎ የተነቀሰ ነው። (አልሰራም።)

ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ ተለወጠ። በጀርባዋ መተኛት አቃታት፣ ሦስት ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ታድር ጀመር። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ይመታል፣ እየበላች ትከሳለች። እጢው ወደ ውስጥ ማደጉ ሳያንስ ሆርሞኑን ከልክ በላይ ማመንጨት ጀምሮ ኖሯል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ በአልትራሳውንድ ብቻ አይተው «አልጋ አለ፣ ሐሙስ እንሰራቸዋለን» አሉን። የሆርሞን ምርመራ ያዘዘ የለም፣ ድምጿን ያየ የለም። እኔ ደግሞ ቶሎ መባሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ዱባይ ያለችው እህቴ ብር ልካ፣ የቀረውን ከዕቁብ አውጥቼ ጨርሻለሁ። የአክስቴ ልጅ ባትጨቀጭቀኝ ሌላ ሐኪም ጋ አልወስዳትም ነበር።

እሳቸው ጠቅላላ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። አንገቷን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ምራቅዎን ይዋጡ አሏት፣ ከዚያ «እማማ፣ ሁለት እጅዎን ወደ ላይ አንስተው ይቆዩልኝ» አሉ። አነሳች። አንድ ደቂቃ እንኳን የሞላ አይመስለኝም፣ ፊቷ ጠቆረ፣ የአንገቷ ደም ስር ተገተረ፣ ትንፋሿ አጠረ። ዶክተሩ እጆቿን ራሳቸው ይዘው አወረዱላት። «ወደ ደረት ወርዷል» አሉኝ። ቀጥለው ያሉትን አልረሳውም፦ «እኔ እንዲህ ያለውን በዓመት ብዙ አልሰራም። የኔ እናት ቢሆኑ ራሴ አልነካቸውም፣ ሁልጊዜ የሚሰሩት ጋ እወስዳቸዋለሁ።» ስልክ አንስተው እዚያው ቀጠሮ አስያዙልን። የካርድ ብቻ ከፍለን ወጣን።

ዶክተር፣ አንድ ደንበኛ ሰደዱ። እኔ ግን እናቴን ያገኘሁት ከእርስዎ ይመስለኛል።

ስወጣ አንድ ነገር ነገሩኝ፣ ለእናንተም ይጥቀማችሁ። እንቅርት ልታስወጡ ከሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ አሉኝ። በዓመት ስንት ትሰራላችሁ? የድምፅ ገመዷን ከቀዶው በፊት ማን ያያል? ማታ ብትደማ ግቢው ውስጥ ማን አለ? ካልሲየሟን መቼ ትለካላችሁ? በኋላ ሳነብ፣ አሜሪካ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በዓመት ከ25 በላይ የሚሰሩ ሐኪሞች ጋ ችግሩ እንደሚቀንስ ይላል። እኛ ግን ስንት ጊዜ ነው ሐኪም የምንመርጠው አልጋ ስላለ ብቻ?

የሰሯት አዲስ አበባ ባለ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። «ሥራችን ነው፣ ስማችንን አትጻፍ» ስላሉኝ አልጽፍም። መጀመሪያ ተናድጄባቸው እንደነበር ግን አልደብቅም። የሆርሞን ሐኪሟ ቀዶውን ሁለት ወር አዘገየችው። ሆርሞኑ በመድኃኒት ሳይረጋ ቢነካ ልቧ ጠረጴዛው ላይ ሊያስቸግር ይችላል አለች። ሆርሞኑን የሚቀንሰውን ፒቲዩ የሚባል መድኃኒትና የልብ ምት የሚቀንሰውን ክኒን እየዋጠች ቆየች። የጆሮና አፍንጫ ሐኪሙ በአፍንጫዋ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ የድምፅ ገመዷን አየ። ማደንዘዣ የሚሰጣት ዶክተር በዋዜማው አልጋዋ ድረስ መጥቶ አፏን አስከፍቶ አይቷል፣ በሲቲ ስካኑ ላይም የአየር ቧንቧዋ ወደ ቀኝ የተጎበጠበትን ቦታ ለኔም አሳየኝ። አንድ እንቅርት ይሄን ሁሉ ሰው እንደሚፈልግ ማን ያውቃል?

ቀዶውን የሠሩት ዶክተር አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «እናትህ ይዘፍናሉ?» አይ፣ ግን እልል ትላለች አልኩ። ሰፈር ውስጥ ሰርግም ክርስትናም ቢሆን እልልታውን የምትጀምረው እሷ ናት። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ ካርዷ ላይ ጻፉት። ቀጭኑን ከፍ ያለ ድምፅ የሚያወጣው ነርቭ ሌላ ነው፣ በጣም የሳሳ ነው፣ እሱንም እንጠነቀቃለን አሉ። ከወረቀት ጀርባ ላይ ቢራቢሮ የመሰለች እጢ ሳሉልኝ፣ ከኋላዋ ክር የሚያህል የድምፅ ነርቭ፣ ጎን ለጎን ደግሞ ሩዝ የሚያካክሉ አራት ትንንሽ ዕጢዎች። ካልሲየም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀ። ደጅ ስንቆራጠጥ ያጽናናን ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም)፣ በ1909 እ.ኤ.አ. ኖቤል የወሰደው ስዊዘርላንዳዊው ኮኸር በሺዎች የሚቆጠር እንቅርት እንዳወጣ ነገረን። «በመደጋገም ነው የሚለመደው» አለ። አንተንም እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ያኔ ወሬህ ግማሹ አልገባኝም ነበር።

ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው «ቀሚሴ የታል?» ነው። ድምጿ ሻከር ብሏል፣ የሷ ግን ነው። አለቀስኩ።

የሌሊቷ ሲስተር፣ አንቺን በምን ቋንቋ እንደማመሰግን አላውቅም። ድንገት አንገቷ ውስጥ ደም ቢቋጥር ስፌቱን ለመፍታት መቀሱን ራስጌዋ አስቀምጠሽ፣ በየሰዓቱ እየመጣሽ አንገቷን በእጅ ባትሪ ታዪ ነበር። በማግስቱ «ከንፈርዎን ወይ ጣትዎን ይነዝርዎታል?» ብለሽ ባትጠይቂያት ኖሮ አናውቅም ነበር፤ እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ሲነዝራት ሰው ላለማስቸገር ደብቃ ነበር። ካልሲየሟ ወርዶ ተገኘ፣ ወዲያው በደም ስር ተሰጣት።

ናሙናው ካንሰር የለውም። ቁስሉም ከንቅሳቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር መሀል ነው የተሰፋው፣ አንዱም መስመር አልተቆረጠም። ካልቀረቡ አይታይም።

ደም ለመስጠት ለተሰለፋችሁ ስድስት ጓደኞቼ፣ ደሙ አላስፈለጋትም፣ ለሌላ ሰው ሆኗል። አጥሚት በፔርሙስ እያመላለሳችሁ ላከረማችሁን ጎረቤቶች፣ ለጽዋ ማኅበሯ፣ አልጋዋን ያጸዳችላት እናት፣ ክበሩልን። ካርድ ክፍል የጮህኩበት ልጅ፣ አንተንም ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር።

አሁን ጭቅጭቃችን የክኒኑ ነው። ዕድሜ ልኳን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ሌቮታይሮክሲን፣ የእጢውን ሆርሞን የሚተካውን ክኒን፣ ትውጣለች፤ ቡናውን አንድ ሰዓት ቆይታ፣ የካልሲየሙን ክኒን አራት ሰዓት ቆይታ። ቡናውን ታፈላውና ስኒውን ደርድራ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ትቀመጣለች። ከሁሉ ይሄ ከበዳት።

ባለፈው ለክትትል ስንሄድ ዶክተሩ ካርዷን ገልጠው «እልልታውስ እማማ? እስቲ ልስማው» አሏት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገችና ኮሪደሩ ላይ ወደተሰለፉት ሰዎች ዞር ብላ አየች።

«እዚህ የታመመ ሰው አለ ልጄ፣ ነውር ነው። ልጅህን ስትድር ጥራኝ።»