እንሶስላ የሸፈነው ጥፍር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጥፍር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሲታይ «ካልሲየም አንሶሽ ነው» መባሉ ደሴም ኮምቦልቻም የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፍሩ ሥሩ ላይ ሲመታ የሚቀር ምልክት ነው፤ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ወደ ጫፍ ተገፍቶ ይቆረጣል።

ይልቅ የሚያሳስበው መሐሉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደው ነው። ጠብታ ውኃ አድርጉበት፤ ሳይፈስ ከተቀመጠ የብረት ማዕድን እጥረት ሊሆን ስለሚችል ደም መመርመር ያስፈልጋል። ሕፃናት ላይ ግን ያለ ሕመምም ይታያል። እንሶስላ ወይም ሂና የደም ማነስ ምልክት የሆነውን የጥፍሩን መንጣት ስለሚደብቅ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ ውስጡ ነጥቶ እንደሆነ ማየት ይሻላል። ከምሳ ተያይዞ የሚጠጣው ቡናም ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት ይቀንሳል፤ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ምን አለበት? አቦሉ አይሸሽም!

አንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ ጥቁር መስመር ከወጣ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

የጤና ባለሙያዎች፣ ከደቡብ ወሎ