ሌንስ በነጠላ ጫፍ አይወለወልም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታችን ከጦሳ ተራራ ሥር ይድረስዎ። ገና እየደረሰ ነው። የገናውን ዝማሬ ቤዛ ኩሉን ለመቅረጽ ወደ ላሊበላ የሚወጣው ካሜራ ብዙ ነው፤ ጥምቀት ይከተላል፣ ከዚያም የጥር ሠርግ ይገባል። እኛ በፎቶና በቪዲዮ ሥራ የምንተዳደር የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ነን። ከበዓሉ በፊት ለወጣት ባልደረቦቻችን ልንነግራቸው የምንፈልገው ነገር አለ፦ አቧራ ብቻውን ሌንስ አይጎዳም፤ ሌንስ የሚበላሸው ሲወለወል ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የመንገድ አቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ፤ አሸዋው በአብዛኛው ኳርትዝ ነው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ላይ ሲቀመጥ መስታወት 5.5 ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ነጠላው የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ በሥሩ የታፈነው አሸዋ መስታወቱን ይቧጭረዋል። በባቲ የሰኞ ገበያ ሲቀርጽ ውሎ ሌንሱን በሸሚዙ ጫፍ የሚጠርግ ሰው፣ ሳያውቀው በአሸዋ እየሞረደው ነው።

ከመስታወቱ በፊት የሚጎዳው ደግሞ በላዩ ላይ ያለው ሽፋን ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ክፍል ያንሳል፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። በውስጡ 10 የተራራቁ መስታወቶች ያሉት ሌንስ 20 ገጽ አለው፤ ሽፋኑ ባይኖር ኖሮ ከገባው ብርሃን የሚያልፈው ከግማሽ ያነሰ ይሆን ነበር። የተመለሰው ብርሃንም እዚያው ውስጥ እየተንጸባረቀ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ሽፋኑ የተቧጨረበት ሌንስ ቀን ላይ ደህና መስሎ፣ ማታ ሻማና አምፖል ፊት ሲቆም የሚያፈዝዘው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ። ካሜራውን ያጥፉ። ሌንሱን ፊቱን ወደ መሬት አዘንብለው ይያዙና በብሎወር (በእጅ በሚጨመቅ የጎማ አየር መንፊያ) ከ15 እስከ 20 ጊዜ ይንፉ፤ የተነሳው አቧራ ተመልሶ እንዳያርፍ ወደ ታች መውደቅ አለበት። ብሎወር ያላገኘ ሰው ከፋርማሲ የሕፃናት አፍንጫ መሳቢያ የጎማ ፊኛ ይግዛ፤ ውስጡ ዱቄት ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ ደጋግሞ ወደ አየር ይንፋው። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ደግሞ ጨርሶ የማይታሰብ ነው፤ ከታንከሩ ዘይትና ውኃ ይወጣል፣ ግፊቱም አቧራውን በሌንሱ መገጣጠሚያዎች በኩል ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ተነፍቶ ያልለቀቀውን ንጹሕ፣ ለሌላ ነገር ያልዋለ ለስላሳ ብሩሽ በስሱ ያነሳዋል። የብሩሹን ጸጉር በጣት አይንኩት፤ የእጅ ወዝ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል፣ ማለቅም አለበት። ሁለት ሦስት ብናኝ ቢቀር ፎቶው ላይ አይታይም።

ፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ስላዩ ሌንሱን ደጋግመው የሚወለውሉም ብዙ ናቸው። ነጠብጣቡ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ የሚመጣው ከሴንሰሩ፣ ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል ከሚያደርገው ክፍል ነው። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ አጥብበው ኤፍ 16 ላይ አድርገው ጥርት ያለ ሰማይ ያንሱ፤ ሌንስ ቀይረው ይድገሙት። ነጠብጣቡ ቦታውን ካልለቀቀ ሌንሱ ንጹሕ ነው። ሴንሰሩን ግን በብሎወር ከመንፋት ውጪ በጨርቅም በጥጥም አይንኩት።

ፈሳሽ የሚያስፈልገው ለወዝና ለጭስ ነው። የጣት አሻራ ውስጥ ያለው ቅባት ሲቆይ ሽፋኑን ሊበላው ስለሚችል በጊዜ ይነሳ። በቤተ ክርስቲያን ቀረጻ የሚያርፈው የዕጣን ጭስም እንዲሁ ነው። ዕጣን ሙጫ ነው፤ ጭሱ ስስ የሚያጣብቅ ንጣፍ ይተዋል፤ መንፋት አያነሳውም። ሙጫው በአልኮል ስለሚሟሟ ግን በቀላሉ ይለቃል። አንድ ወይም ሁለት ጠብታ አልኮል በሌንስ ወረቀት ወይም ማይክሮፋይበር በሚባለው ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ያድርጉ። በቀጥታ መስታወቱ ላይ ከተንጠባጠበ በጠርዙ ሰርጎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከመሐል ጀምረው ሳይጫኑ እየዞሩ ወደ ጠርዝ ይውጡ፤ አንድ ዙር ሲያልቅ የጨርቁን ገጽ ይቀይሩ። የነካውን ገጽ መልሶ መጠቀም ያነሱትን መልሶ መቀባት ነው።

የትኛው አልኮል? 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ከተገኘ እሱ ይመረጣል፤ ቶሎ ይደርቃል። በየፋርማሲው የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውኃ ስለሆነ፣ አንዳንዱም ሌላ ነገር ስለሚጨመርበት፣ አስቀድሞ ይፈተሽ። በመልክ ማያ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ጥለው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ አጋድመው ሲያዩት ቀለበት የመሰለ ምልክት ከተወ ለሌንስ አይሆንም። የእጅ ሳኒታይዘር አብዛኛው ግሊሰሪን ስላለበት ቅባት ይተዋል። አረቄም ሆነ ሽቶ ከአልኮሉ ጋር ሌላ ብዙ ነገር ይዟል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ የሌንሱን አካልና ጽሑፍ ይበላል። ሶፍት ደግሞ ከእንጨት ቃጫ የተሠራ ነው፤ ብናኙንም እዚያው ይተዋል።

ስለ ጧፍ አንድ ቃል። የሰም ጠብታ ሌንስ ላይ ካረፈ በጥፍር ወይም በምላጭ መፋቅ ሽፋኑን ይዞት ይነሳል። ሕዝብ በተጨናነቀበት በዓል ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም መከላከያ መስታወት) እና ሁድ (የሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠም ከለላ) ሳያደርጉ መግባት አይገባም የምንለው ለዚህ ነው። ፊልተር ይቀየራል፤ የሌንሱን የፊት መስታወት መቀየር ግን አዲስ ሌንስ የመግዛት ያህል ሊያስወጣ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው ጤዛ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የገና ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውጪ ያደረ ካሜራ ሰው ወደ ሞላበት ወደ ሞቀ ስፍራ ሲገባ መስታወቱ ወዲያው ጤዛ ያዝላል። የሠርግ ዳስም እንደዚያው ነው፤ የወጡ እንፋሎትና የሰው ትንፋሽ አንድ ላይ ነው። ያን ጊዜ መወልወል አቧራውን ጭቃ አድርጎ መፈግፈግ ነው፤ ጤዛውም ተመልሶ ይመጣል። ከመግባትዎ በፊት ካሜራውን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ይዝጉት፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይከፍቱ ያቆዩት። ጤዛው በከረጢቱ ላይ ይቀራል። ባትሪና ሜሞሪ ቀድመው ያውጡ፤ ከረጢቱ ሳይከፈት ሊያስፈልግዎት ይችላል።

የደሴ ክረምት ጉም ደግሞ ሻጋታ ያመጣል። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታው በሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፤ የሚያመነጨው አሲድም መስታወቱን ይበላል። የተበላው ቦታ ተጠርጎም አይመለስም። የቆዳ ማኅደር እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ለመያዣ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ፣ በውስጡ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል፣ ቢቻል ትንሽ የእርጥበት መለኪያ፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል ካሳየ ደህና ነው። ሩዝ አይተካውም፤ ዱቄቱ ራሱ ሌላ አቧራ ነው።

ሌንስ የሚከራይም ሆነ አሮጌ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት የስልክ ባትሪ ከኋላ አብርቶ ከፊት በኩል ይመልከት፤ ድሩም ጭረቱም ያኔ ይታያል። አከራዮችንም የምንለምነው ነገር አለ፦ ከእያንዳንዱ ሌንስ ጋር ብሎወርና በፕላስቲክ የታሸገ አንድ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ይስጡ። ጨርቁ ሲመለስ በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠብ፣ በደንብ ይለቅለቅ፣ ማለስለሻ አይጨመርበት፣ አቧራ በሌለበት ጥላ ይድረቅ። ወጪው ከአንድ የተቧጨረ ሌንስ ጋር አይወዳደርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያዎች
ደሴ፣ ወሎ