ስለ ሲጋራው የዋሸሁሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬው ደርሷት እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች።

ባለፈው እሁድ ስትደውዪ «አባዬ፣ ታክስ ሲጨምሩ ሲጋራ ቀነስክ?» አልሽኝ። «የለመደ ሰው በዋጋ ይተዋል እንዴ!» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ ገባሁ። ዋሽቼሻለሁ። ቀንሻለሁ።

በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሲወጣ ሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በላዩ ደግሞ ሃያ ፍሬ በያዘ ፓኮ 8 ብር ተጣለ። ስምንቱን ብር ለሃያ አካፍዪው። ለአንድ ፍሬ 40 ሳንቲም ነው። ግን እኔ ፓኮ መቼ እገዛለሁ? ከሰፈራችን ሱቅ በነጠላ ነው። ባለሱቁ የአርባ ሳንቲም ሒሳብ አያውቅም፤ አንድ ብር ጨመረና «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ታክስ ነው» አለኝ። በሃያ ፍሬ ሲሰላ 20 ብር መሆኑ ነው። ከስምንቱ ብር በላይ 12 ብር ጨመረብኝ። (በነጠላ መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ክልክል ነው። ሲሰጠኝ ግራና ቀኝ የሚያየው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።)

እና በቀን ከስምንት ወደ አምስት ወረድኩ። መጀመሪያ ግማሿን አጥፍቼ ክብሪት ቀፎ ውስጥ እደብቃት ነበር። የካፖርቴ ኪስ ሸተተና እናትሽ ደረሰችብኝ። የዚያን ዕለቱን ጭቅጭቅ ተዪው።

የዓለም ባንክ ድሮ ያወጣውን ስሌት መምህራችሁ ሳይነግራችሁ አይቀርም፤ ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር፣ እንደኛ ባለ አገር ፍላጎቱ በ8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ሀብታም አገር በ4። ሱሰኛ እንደ ቲማቲም ገዢ «ተወደደ» ብሎ ጥሎ አይሄድማ። መንግሥት ታክስ ጨምሮም ገቢው የማይጎድልበት ለዚህ ነው።

ዋጋ በደንብ የሚይዘው ወጣቱን ነው። እኔ በ17 ዓመቴ ስጀምር ለአራት ሆነን ከታክሲ የተረፈንን ሳንቲም አዋጥተን አንድ ፍሬ ገዛን። ተቀባበልናት፣ ሁላችንም ሳልን። ዋጋዋ እጥፍ ቢሆን ኖሮ ብስኩት ገዝተን ወደ ቤት እንሄድ ነበር፤ ያን ጊዜ ሱስ መች ነበረብን።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። 8 ብር ብለው ቁጥሩን ሲቆርጡት የኑሮ ውድነቱን አላሰቡትም? ያኔ 8 ብር ዳቦ ይገዛ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲጨምር የተቆረጠ ብር ባለበት ከቀረ፣ ሲጋራው በጎን እየረከሰ ሄደ ማለት ነው። በየጊዜው ካላደሱት ዋጋ የለውም። የኮንትሮባንዱም ነገር አለ፤ ታክስ ያልነካው ፓኮ በየጉራንጉሩ እስካለ ድረስ እንደኔ ያለው ወደዚያ ዞር ይላል። አንድ ሰሞን ዞር ብያለሁ፤ ጉሮሮዬን ፈጀኝና ተውኩት።

ወንድምሽን ሲጋራ ግዛልኝ ብዬ ሱቅ መላክ አቁሜያለሁ። ድሮም አይገባም ነበር፤ ሕጉም ከ21 ዓመት በታች ላለ አትሽጥ ይላል።

ለፋሲካ ስትመጪ ራስሽ ትቆጥሪያለሽ። እናትሽ አሁንም አምስት ነው ብትልሽ አትመኛት። ሦስት ነው።

አባትሽ